ጅዳ ተቀምጦ ደሴ ላይ የሪሞት መኪና መንዳት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ከሥራ ውጭ ደግሞ ጓደኞቼ "ዕድሜህን ፈጀህበት" የሚሉኝ ሌላ ጉዳይ አለኝ፤ እውነተኛ የሪሞት መኪና ላይ ካሜራ አስሬ፣ በኢንተርኔት በኩል ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለ ሰው እንዲነዳት ማድረግ። ጌም አይደለም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ድንጋይ የእውነት ድንጋይ ነው፤ ሾፌሩ ቢገጭም የሚገጨው የእውነት ነው። መኪናዋ የምትውለው ሆጤ አካባቢ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። በብዛት የሚነዷት ግን ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬና ጅዳ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናቸው።

"እኛም እንሥራ፣ አሳየን" የሚሉኝ ተማሪዎች ስለበዙ፣ በተለይ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ልጆች፣ አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻላል ብዬ ነው። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አላስተምርም፤ እሱን የሚያስተምር ሞልቷል። እኔ የምጽፈው እዚህ እኛ ጋ፣ በዚህ ኔትወርክ፣ በዚህ ዳገት፣ ገበያ ላይ በሚገኝ ዕቃ ሲሠራ ምን እንደሚገጥም ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ትሮጣለች?" ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን "ስንት ትዘገያለች?" ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። መኪናዋ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ትጓዛለች። ካሜራው ያየው ነገር ሾፌሩ ስክሪን ላይ እስኪደርስና የሾፌሩ ትዕዛዝ እስኪመለስ 300 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ ሾፌሩ ድንጋዩን አይቶ ወዲያው ፍሬን ቢይዝ እንኳ መኪናዋ ከአንድ ሜትር ከስልሳ በላይ ቀድማ ሄዳለች። እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ ሜትር ከስልሳ ማለት ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጤና አዳሟ ነው፤ ጤና አዳሟ ላይ የሚደርስባትን እናቴ ትናገራችሁ። ያንኑ መኪና በእግረኛ ፍጥነት፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ብትነዷት ግን በዚያው መዘግየት የምታልፈው 33 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ክንድ አይሞላም። ስለዚህ ኔትወርኩን ማስተካከል ባትችሉ ፍጥነቱን ማስተካከል ትችላላችሁ። የኔ መኪና ሙሉ ኃይሏን አታውቀውም፤ በፕሮግራም ሩቡ ላይ ቆርጬባታለሁ።

ከመዘግየቱ መጠን የባሰው ደግሞ መዋዠቁ ነው። ሁልጊዜ 300 ሚሊሰከንድ የሚዘገይ መስመር፣ አንዴ 100 አንዴ 500 ከሚሆን መስመር እጅግ ይሻላል። መሪው ክፍተት ያለው አሮጌ አይሱዙ የሚነዳ ሾፌር ክፍተቱን ለምዶት ይነዳል፤ ክፍተቱ በየኩርባው የሚለያይ ቢሆን ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት አይወርድም። እጅ ቋሚውን ነገር ይለምዳል፣ የሚለዋወጠውን አይለምድም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ሲጠቀለል መዘግየቱን አንድ ቦታ ለማስቆም የሚደረግ ትግል ነው።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ሶቭየቶች እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 1970 ጨረቃ ላይ ያሳረፏትን ሉኖኮድ 1 የሚነዱት ሰዎች የተቀመጡት ክራይሚያ ነበር። ሬዲዮ ጨረቃ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። የሚመጣላቸውም ቪዲዮ አልነበረም፤ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ የቆመ ምስል ነበር። በዚያ ሁኔታ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተዋታል፣ ግን በሰዓት አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር እየሄዱ። ከዚያ ቀደም ብሎ ኤምአይቲ ውስጥ ቶማስ ሸሪዳንና ዊልያም ፌረል በመዘግየት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተውለዋል፤ ሰው መዘግየቱ ሲበዛበት ማንም ሳይነግረው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ቆሞ ውጤቱን ያያል፣ እንደገና ትንሽ ይንቀሳቀሳል። እህቴም መጀመሪያ ስትነዳ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ዩክሬን ውስጥም የቼርኖቤልን አካባቢ በሞዴል ሠርተው፣ ከየትም አገር ያለ ሰው ትንንሽ ታንክ መሰል ሮቦቶችን በኢንተርኔት እንዲነዳ ያደረጉ አሉ። ታንክ መምረጣቸው ለጌጥ አይመስለኝም። ታንክ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ባለበትም ይዞራል።

መለካት ካልቻላችሁ ምንም ማስተካከል አትችሉም፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት መለካትን ላሳያችሁ። አንድ ስልክ ላይ ስቶፕዋች ክፈቱና አስጀምሩት። የመኪናዋን ካሜራ ወደሱ አዙሩት። ምስሉ የሚመጣበትን ስልክ ስቶፕዋቹ አጠገብ አስቀምጡና ሁለቱንም በሌላ ስልክ አንድ ላይ ፎቶ አንሷቸው። ፎቶው ላይ አንደኛው 14.62፣ ሁለተኛው 14.35 ቢል መዘግየቱ 270 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ፎቶ አይበቃም፤ ደጋግማችሁ አንሱና ትልቁንና ትንሹን ጻፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው መዋዠቁ። አንድ ግን አለ፦ ሁለቱንም ስልክ በአንድ የቤት ዋይፋይ ላይ አድርጋችሁ ከለካችሁ የለካችሁት ኔትወርኩን አይደለም። የመኪናዋ ስልክ በራሱ ሲም፣ የሾፌሩ ስልክ በራሱ ሲም ይሁን። ይህ የምስሉ መዘግየት ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ ትዕዛዙ ሲመለስ የሚፈጀው ይጨመርበታል።

የመኪናዋ አእምሮ ምን ይሁን የሚለው ላይ ብዙዎች ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ይላሉ። ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ ለማግኘትም፣ የ4ጂ ሞደም ለመጨመርም፣ ኮረንቲ ለመመገብም ጣጣ አለው። እኔ የምመክረው አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ነው። ካሜራው፣ 4ጂው፣ ባትሪው፣ ምስል የሚጨምቀው ቺፕ ሁሉም አንድ ላይ ተገጥሞ መጥቷል። ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ችግር የለም፤ ተቹ ግን ይሥራ፣ ብሉቱዙን ለማገናኘት መንካት ያስፈልጋልና። ስልኩ ላይ በክሮም አንድ ገጽ ይከፈታል። ገጹ ምስሉንና ድምፁን በዌብአርቲሲ (ብራውዘሮች ምስል፣ ድምፅና ዳታ በቀጥታ የሚለዋወጡበት ዘዴ) ለሾፌሩ ይልካል፣ ከሾፌሩ የሚመጣውን ትዕዛዝ ደግሞ በብሉቱዝ መኪናዋ ላይ ላለች ኢኤስፒ32 ሰሌዳ (ሞተሩንና መሪውን የምታዝ ትንሽ መቆጣጠሪያ) ያስተላልፋል። አይፎን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሳፋሪ ገጹን ከብሉቱዝ ጋር አያገናኝም። ስክሪኑ እንዳይጠፋ አድርጉት፣ ፀሐይ ላይም አታቁሙት። ስልክ ሲግል ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ምስሉ መንቀራፈፍ ይጀምራል፣ እናንተ ደግሞ ኔትወርኩን ትሰድባላችሁ።

ምስሉን በተመለከተ፣ ትልቁ ፈተና መላኩ እንጂ መቀበሉ አይደለም። ስልክ ላይ ፊልም ስታዩ የምትጠቀሙት ማውረጃውን ነው፤ መኪናዋ ግን ሥራዋ ሁሉ መጫን ነው፣ የመጫኛው መስመር ደግሞ ሁልጊዜ ጠባብ ነው። መስመሩ ከሚችለው በላይ ምስል ብትጭኑበት አይጥለውም፣ ያሰልፈዋል። ሰልፉ ሲረዝም የምታዩት ምስል ጥርት ያለ ሆኖ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ያረጀ ይሆናል። ጥርት ማለቱ ነው የሚያታልለው። ስለዚህ 640 በ360፣ በሰከንድ 30 ምስል፣ በሰከንድ ከ600 ኪሎቢት እንዳያልፍ አድርጋችሁ ገድቡት። የመጫኛውን ፍጥነት ለክታችሁ ከግማሹ በላይ አትጠቀሙ። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ጉዳት የለውም፤ ለመንዳት የሚያስፈልገው ድንጋዩ የት እንዳለ እንጂ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ አይደለም። ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ 30 የነበረው ወደ 15 ይወርዳል። በረንዳው ላይ አንድ አምፖል መጨመር ከማንኛውም ፕሮግራም ይበልጣል።

አሁን ብዙ ሰው ተስፋ ወደሚቆርጥበት እንምጣ። ቤት ውስጥ በዋይፋይ ቆንጆ ይሠራል፣ ሲም ሲገባበት አልገናኝ ይላል። ምክንያቱ የሞባይል ኔትወርክ ለስልካችሁ የራሱ የሆነ፣ ከውጭ የሚታይ አድራሻ አለመስጠቱ ነው። ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ይጋራሉ፣ ስለዚህ ከውጭ ሆኖ የእናንተን ስልክ በቀጥታ መጥራት አይቻልም። ዌብአርቲሲ ሁለቱም ስልኮች ወደ ውጭ እያንኳኩ መሃል ላይ እንዲገናኙ ይሞክራል፤ ይህን የሚያግዘው ስተን ሰርቨር ነው። አንዳንዴ ይሳካል። ካልተሳካ ሁሉም ነገር ተርን በሚባል አሸጋጋሪ ሰርቨር በኩል ማለፍ አለበት፣ ያ ሰርቨር የት እንደተቀመጠ ደግሞ ዕጣ ፈንታችሁን ይወስናል።

ኮምቦልቻ ከደሴ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጓደኛዬ ከዚያ ሲነዳ ግን ምስሉ ሐረጎን አይወርድም፤ አሸጋጋሪው ፍራንክፈርት ከሆነ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ፣ ያንኑ ያህል ተመልሶ ነው ኮምቦልቻ የሚገባው። ትዕዛዙም እንዲሁ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ ስለዚህ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ለአንድ ደርሶ መልስ 50 ሚሊሰከንድ በከንቱ ይሄዳል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አያውቅም፣ ለምሳሌ ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ገብቶ ሊሄድ ይችላል። "እንግዲያው ቅርብ አገር ያለ ሰርቨር ልከራይ" ብላችሁ ካርታ አይታችሁ አትወስኑ። በካርታ የቀረበው በገመድ ሊርቅ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ከደሴም ከኮምቦልቻም ፒንግ አድርጉና (መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ለኩና) ትንሹን ምረጡ። እኔ ኮተርን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኜ የራሴን አሸጋጋሪ አቁሜያለሁ። ከዚህ ሆኖ በካርድ መክፈል ስላስቸገረኝ የምትከፍለው እህቴ ናት፤ "ነዳጁ በኔ ነው" ትላለች።

ትዕዛዙ እንዴት ይላክ የሚለው ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። አንደኛ፣ ሾፌሩ ሲጫን "ተጫን"፣ ሲለቅ "ልቀቅ" የሚል መልእክት የሚልክ ፕሮግራም አትሥሩ። "ልቀቅ" የሚለው መንገድ ላይ ከጠፋ መኪናዋ እንደተጫነች ትቀራለች። ይልቅ መሪውና ነዳጁ በዚህች ቅጽበት የት እንዳሉ በሰከንድ 20 ወይም 30 ጊዜ ይላክ፤ አንዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ይተካዋል። ሁለተኛ፣ ቲሲፒ በሚባለው የኢንተርኔት መላኪያ ዘዴ አትላኩት፣ ማለትም በሱ ላይ የሚሠራውን ተራ ዌብሶኬት አትጠቀሙ። ቲሲፒ የጠፋውን መልእክት ፈልጎ ሳያመጣ ቀጣዩን አያሳልፍም። ለባንክ ዝውውር ይህ ግዴታ ነው። ለመኪና ግን ከግማሽ ሰከንድ በፊት የተባለ "ወደ ግራ" አሁን ሲደርስ ግድግዳ ውስጥ ይከታችኋል። ትዕዛዙ የሚሄድበት የዌብአርቲሲ ዳታ ቻነል ሲከፈት "ኦርደርድ" የሚለው ፎልስ፣ "ማክስ ሪትራንስሚትስ" የሚለው 0 ይሁን፤ የጠፋው ይጥፋ፣ አሮጌው አይምጣ።

ቀጥሎ ያለውን ሳታነቡ ባትሪ እንዳትሰኩ። ኔትወርክ ይሄዳል፤ "ቢሄድስ?" ሳይሆን "ሲሄድስ?" ብላችሁ ሥሩ። ኢኤስፒ32ዋ ላይ ሰዓት ይኑር፦ 300 ሚሊሰከንድ ያህል አዲስ ትዕዛዝ ካልመጣ ሞተሩን ዜሮ ላይ ታድርግ። እዚህ ላይ የሚደበቅ ወጥመድ አለ። የሾፌሩ መስመር ተቋርጦ፣ መኪናዋ ላይ ያለው ስልክ ግን የመጨረሻውን ትዕዛዝ በብሉቱዝ እየደጋገመ ሊልክ ይችላል። ኢኤስፒዋ "መልእክት እየመጣ ነው" ብላ ትነዳለች፣ ሾፌር ግን የለም። መፍትሔው ሾፌሩ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ አንድ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ማተም ነው፤ ቁጥሩ ካልጨመረ ኢኤስፒዋ ሰዓቱን አታድስም። በሾፌሩ በኩል ደግሞ ተቃራኒው ይፈጠራል፤ ምስሉ ቆሞ ትዕዛዙ ግን ይደርሳል። ዓይኑን ጨፍኖ መንዳት ማለት ነው። ስለዚህ የሾፌሩ ገጽ አዲስ ምስል ለግማሽ ሰከንድ ካላየ ራሱ "ቁሚ" ብሎ ይላክ፣ ስክሪኑንም ቀይ ያድርግ።

ይህን የምትሞክሩት መሬት ላይ አይደለም። መኪናዋን ብሎኬት ላይ አስቀምጡ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሁኑ። ሾፌሩ ነዳጅ ይያዝ፣ ጎማው ይዙር። ከዚያ የሾፌሩን ስልክ ኤሮፕሌን ሞድ አድርጉት፤ ጎማው ወዲያው መቆም አለበት። እንደገና አስነሱና የመኪናዋን ስልክ ኤሮፕሌን አድርጉት። ቀጥሎ ብሉቱዙን ብቻ አጥፉ። ቀጥሎ ክሮሙን ዝጉት። ቀጥሎ ስልክ ደውሉለት፤ አዎ፣ መኪናዋ ላይ ያለው ሲም ላይ ሰው ሊደውል ይችላል፣ ሲደወል ምን እንደሚሆን አሁን እወቁት። በአንዱ እንኳ ጎማው መዞሩን ከቀጠለ ከብሎኬቱ አትወርድም።

የደሴ ሰው ደግሞ የራሱ ተጨማሪ ፈተና አለበት፤ ሜዳ የለንም። ጦሳ ተራራ ሥር ቤት የሠራ ሰው ግቢው ዳገት ነው። ሞተሩ ዜሮ ላይ ሆነ ማለት መኪናዋ ቆመች ማለት አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነች ትንከባለላለች። ኔትወርኩ ሄዶ፣ ሰዓቱ በትክክል ሠርቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናዋ ግን ቀስ እያለች ወደ ቦዩ ስትወርድ ከጅዳ ማየት ደስ አይልም። ብዙ የስፒድ ኮንትሮለር (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ሰሌዳ) ዓይነቶች "ድራግ ብሬክ" የሚባል ማስተካከያ አላቸው፦ ነዳጅ ሲለቀቅ ሞተሩ ራሱ ይይዛል። ይህ የሌለው ስፒድ ኮንትሮለር ደሴ ላይ አትግዙ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ያላችሁ ግድ የላችሁም።

መኪና ስትመርጡ፣ ሱቅ የሚሸጠው የልጆች መጫወቻ ለመለማመድ ይሆናል፤ ግን አንድ ጉድለት አለው፣ መሪው ወይ ሙሉ ግራ ነው ወይ ሙሉ ቀኝ። መካከለኛ የለውም። በመዘግየት ውስጥ እንዲህ ያለ መሪ ይዞ ቀጥ ብሎ መሄድ የማይታሰብ ነው። የመሪውን ሞተር አውጥታችሁ ትንሽ ሰርቮ (በታዘዘበት ማዕዘን ላይ የሚቆም ሞተር) ግጠሙበት፤ ሰርቦ የምትሉትም ያው ነው። የመንጃውን ሞተር ቲቢ6612 በሚባለው የሞተር መንጃ ቺፕ ንዱት። ኤል298 የሚባለው በየቦታው አለ፣ ግን ሁለት ቮልት ያህል ራሱ ይበላል፤ ባትሪው ትንሽ ለሆነ መኪና ይህ ብዙ ነው።

አቅም ካለ ወይ ዓረብ አገር የሚመጣ ሰው ካለ ክሮውለር የሚባለውን ዓይነት አስመጡ፦ ድንጋይ የሚወጣ፣ ቀርፋፋ፣ ጉልበታም። ስታዙ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ሞተሩ ባለ ካርቦን ይሁን፤ ብራሽለስ የሚባለው ሴንሰር ከሌለው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ እኛ ደግሞ ሥራችን ሁሉ መነሳትና መቆም ነው። ሌላው የኋላ ማርሽ ነው። የእሽቅድድም ስፒድ ኮንትሮለር ወደ ኋላ ለመሄድ አንዴ ፍሬን ይዞ፣ ለቆ፣ እንደገና መጫን ይፈልጋል። 300 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይህን መሥራት ያሳብዳል። የክሮውለሩ ግን በቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ገጠማው ለጠጋኝ ሰው ቀላል ነው። የሪሞቱን ሪሲቨር አውጡ፣ የሰርቮውንና የስፒድ ኮንትሮለሩን የምልክት ሽቦ ከኢኤስፒዋ ጋር አገናኙ። ሁለቱም የሚገባቸው አንድ ቋንቋ ነው፦ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመጣ ምት፣ 1,500 ማይክሮሰከንድ ከሆነ መሃል፣ 1,000 አንዱ ጫፍ፣ 2,000 ሌላው ጫፍ። ስፒድ ኮንትሮለሩ ሲበራ መሃሉን ካላየ አይነሳም፣ ስለዚህ ኢኤስፒዋ ስትነሳ መጀመሪያ የምትልከው 1,500 ይሁን። ኔጋቲቮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይበየዱ። ሥራው በትክክል ተሠርቶ ሰርቮው ያለምክንያት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቩ ነው ያልተገናኘው። ስታኞውን አትሰስቱ፤ መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ብየዳ ይለቃል።

ባትሪ ላይ አጭር ነኝ። ሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሙሉው በሴል 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3 በታች ከወረደ ተበላሽቷል፤ እኔ 3.5 ላይ አቆማለሁ። ሊሾ ወለል ላይ ቻርጅ አድርጉት እንጂ አልጋ ላይ አይደለም፣ አድርጋችሁትም ከቤት አትውጡ። ያበጠውን "ትንሽ ነው ያበጠው" አትበሉ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡት ሲሊንደር ሴሎችም ይሠራሉ፣ ግን አንድ ዓይነትና አንድ አቅም ያላቸውን ምረጡ።

ካሜራውን አፍንጫዋ ላይ አትሰሩት። ከፍ አድርጋችሁ ከኋላ በኩል አስሩት፣ የፊት ሁለቱ ጎማዎች ስክሪኑ ላይ እንዲታዩ። ሾፌሩ ጎማውን ካላየ መኪናዋ ምን ያህል እንደምትሰፋ አያውቅም፤ በር ሲያልፍ ሁልጊዜ አንዱን ጎን ይነካል። ከስልኩ ሥር ስፖንጅ አድርጉበት።

ስለ ሰው ደግሞ። ካሜራ ተሸክሞ ብቻውን የሚሄድ ነገር መንገድ ላይ አታውጡ። ከተማችን በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ያየችውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው "ምንድነው? የማን ነው?" ማለቱ ተገቢ ነው፣ እኔም እላለሁ። ግቢያችሁ ውስጥ ንዱ። ጎረቤት አጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ካሜራው የሚያየውን በስልክ አሳዩ። እኛ ጋ ጎረቤታችን ሼኽ አንድ ጊዜ ስክሪኑን አይተው "በል ወደኔ በኩል ከመጣ በሩን አንኳኩቶ ይግባ" ብለው ስቀው ሄደዋል። ከሱ በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጠባቂያችን ሆኗል።

ሁልጊዜም መኪናዋ አጠገብ ሰው ይኑር። የኛ ረዳት የእህቴ ልጅ ነው፤ ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው። ሥራው መኪናዋ ስትገለበጥ ማንሳት፣ ዶሮዎቹን ማባረርና ከሁሉ በላይ ማብሪያ ማጥፊያዋን ማወቅ ነው። ማብሪያ ማጥፊያዋን ከላይ፣ ልጅ ሮጦ የሚደርስበት ቦታ አድርጌያታለሁ። ድምፅ በሁለቱም በኩል ስለሚሄድ እናቱ ስትነዳ አጠገቧ እየሮጠ ይመራታል። "እማ፣ ቀኝ! ቀኝ ብያለሁ!" ይላል። እሷ "አብሽር፣ ይዤዋለሁ" ስትለው መኪናዋ ገና ወደ ግራ እየሄደች ነው፤ ቀኙ ቆይቶ ይመጣል። አሁን ልጁ ለምዶት ኩርባው ላይ ከመድረሷ በፊት ነው የሚጠራላት። እናቴ ደግሞ መኪናዋን "ነይ፣ በዚህ በኩል ግቢ" ነው የምትላት፣ በእህቴ ስም። ቡና ሲፈላ መኪናዋ ረከቦቱ አጠገብ ቆማ ታመሻለች፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ድምፁ ብቻ ክፍት ሆኖ። ወላሂ፣ ይህን ስጀምር ያሰብኩት ስለ ሞተርና ስለ ሚሊሰከንድ ብቻ ነበር፤ እህቴ ከመንዳቱ ይልቅ መቆሙን ትወደዋለች። ለእንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሰከንድ ቢዘገይም ማንም አያማርርም።

ጅዳ ከደሴ በቀጥታ ወደ ሰሜን 1,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ሰዓቱም አንድ ነው፣ ስለዚህ መቀጣጠር አያስቸግርም። ወጪው ዳታ ነው፦ በ600 ኪሎቢት አንድ ሰዓት መንዳት 270 ሜጋባይት ያህል ከመኪናዋ ሲም ይበላል፣ ከሾፌሩም እንዲሁ። የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ቢሆንም ጨለማ ውስጥ አይነዳም። ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲይዝ መስመሩ ይጨናነቃል፤ የምለካው መዋዠቅ ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ያለው የተረጋጋ ነው። እህቴ ሥራ የማትገባው አርብ ስለሆነ፣ የምትነዳው አርብ ጠዋት ነው።